የጠጣው ሞተር

«ጆሮው» ይሉታል። ሠላሳ ዓመት በመካኒክነት የኖረ ነውና የታመመ ሞተር ከጋራዡ በር ሳይገባ ገና በድምፁ ደዌውን ይለያል፤ ቅጽል ስሙም እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም አስረስቶታል።

የታናሽ እህቱ ባል የጭነት መኪና ሾፌር ነበረ። አንድ ቀን ቀትር ላይ ወደ ጋራዡ መጣ።

«ጧት ጧት ዳገት ላይ ነዳጅ ስረግጥ ትን ይላታል። ጉልበቷ ይከዳታል።»

ጆሮው ሞተሩን አስነሥቶ አዳመጠ። እንደ ሰዓት ይሠራል።

«መኪናህስ ደኅና ናት፤ ትን የሚልህ አንተን ነው። ማታ ማታ የምትቀማምሳትን ቀንስ።»

«ቀምሼ ብገኝማ እህትህ በሕይወት ትተወኛለች?»

በጋራዡ ያለው ሁሉ ሳቀ፤ ሾፌሩም ስቆ ሄደ።

በአራተኛው ቀን፣ ጉም በወረደበት ማለዳ፣ ዳገት ላይ ሌላ መኪና ሲቀድም ከፊቱ ከመጣ አውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። የጋራዡ ቀልድ ግን አልሞተም፤ ከአፍ ወደ አፍ ተላልፎ ምስክርነት ሆነ። «ጠጥቶ ነው» ተባለ። መበለቲቱም ሰው ፊት መቆም አፈረች።

ከዚያ ወዲህ ጆሮው ከሚያዳምጠው ሞተር ሁሉ ሥር አንድ ሰው ሲስቅ ይሰማው ጀመር። መፍቻውን አስቀምጦ ዞር ይላል፤ ማንም የለም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በዝናብ ወራት፣ ሌላ ሾፌር ያንኑ ስሞታ ይዞ መጣ። አሁንም ቀትር ነበረ፤ ሞተሩም ደኅና ነበረ። ጆሮው አልሳቀም።

«ትደር፤ ጧት አብረን እንነዳታለን» አለው።

በማግስቱ በጉሙ ውስጥ በዝግታ ነድተው ዳገቱ ግርጌ ሲደርሱ አቆሙ። ቱርቦው ጨምቆ የሚልከው ትኩስ አየር ሞተር ከመግባቱ በፊት በራዲያተር ይቀዘቅዛል። ጆሮው ከዚያ ራዲያተር በታች ያለውን ቱቦ ቢፈታው፣ አንድ ብርጭቆ የሚሞላ ውሃ በእጁ ላይ ፈሰሰ። የጉሙ እርጥበት፣ በድስት ክዳን ላይ እንደሚያዝ ላብ፣ እዚያ ይጠራቀማል፤ ነዳጅ ሲረገጥ አየሩ ጠርጎ በአንድ ጉንጭ ለሞተሩ ያጠጣዋል፤ ሞተሩም ትን ብሎት ጉልበቱ ይከዳዋል። ቀትር ሲሆን ሙቀቱ ያደርቀዋልና ምልክት አይተውም።

በሥራ ልብሱ እንዳለ እህቱ ቤት ሄደ።

«የጠጣው እሱ አልነበረም» አላት፤ «ሞተሩ ነበር። ነግሮኝ ቀለድኩበት። ወሬውም ከእኔ አፍ የወጣ ነው።»

እህቱ እያጣጠፈች የነበረውን ልብስ ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«ወንድምጋሼ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አኩርፌዋለሁ። ከተቀበረ ወዲህ አንድ ቀን መቃብሩን አላየሁም።»

«እኔን አኩርፊኝ።»

«ላንተ ጊዜ አለኝ። አሁን ተነሥና ውሰደኝ።»

እርሱ ከፊት እርሷ ከኋላ ሆነው ሄዱ። ከመካነ መቃብሩ ሲደርሱ፣

«አንተ በሩ ላይ ቆይ» አለችው።