ለድሮው ቦክሰኛ ፈረድኩ

ያስገቡኝ ቤት እስር ቤት አልነበረም፤ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው። ማዳበሪያው ከወጣ ቆይቷል፣ ሽታው ግን አልወጣም፤ ዓይን ያቃጥላል። መጋዘኑን መሐል ለመሐል በቆርቆሮ ከፍለው ሴቶቹን ከወዲህ፣ ወንዶቹን ከወዲያ አድርገዋል። ከወዲህ የነበረችው አንዲት የቁይ ከተማ ሴት ብቻ ናት። አረቄ ሻጭ ነበረች።

«ምን አድርገሽ ነው?» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ።

«እኔ እንጃ» አልኳት።

«እሱማ ሁላችንም እኔ እንጃ ነን» አለችና ቦታ ለቀቀችልኝ።

የያዙኝ እህቴን ጠይቄ ከሉማሜ ስመለስ ከአውቶቡስ አውርደው ነው። መታወቂያዬን አይተው የልጄን ስም ጠሩና «እናቱ ነሽ?» አሉኝ። ነኝ አልኩ። «የት ነው?» አሉኝ። የት እንደሄደ አላውቅም ነበር። አላውቅም ብል ደበቀችው እንዳይሉ ፈራሁና «ቆላ ወርዷል፣ ሰሊጥ አጨዳ» አልኩ። ከዚያ በኋላ በጠየቁኝ ቁጥር ያችኑ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ደገምኩ። ምን አድርጎ ነው ብዬ ብጠይቅ «አንቺ ታውቂያለሽ» አሉኝ። አላውቅም ነበር። ዛሬም አላውቅም። እሱ እስኪመጣ ትቆያለሽ ተባልኩ።

ከወዲያ ያሉት ወንዶች ቀኑን ሙሉ የሚያወሩት ስለ ቦክስ ነበር። መጀመሪያ እነዚህ ሰዎች አብደዋል ብዬ ነበር። ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው። ጠባቂው ወታደር ቦክስ ይወዳል። ስም መጠራራት የለም፣ ከየት መጣህ መባባል የለም፣ ስለ ጉዳያችሁ ማውራት የለም፣ ስለ ቦክስ ከሆነ ግን አውሩ ብሏቸዋል። እሱም በሩ ላይ ቆሞ ይገባበታል፤ ለአሁኑ ሻምፒዮን ያዳላል።

ክርክራቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። በከባድ ሚዛን ከድሮው ሻምፒዮንና ከአሁኑ ማን ይበልጣል? የሁለቱም ስም ለአፌ አይመችም። የድሮውን ግን በመልክ አውቀዋለሁ። ልጄ ፎቶውን ከአልጋዬ በላይ ለጥፎት ነበር። «አንሳልኝ፣ ራቁቱን በቆመ ሰው ሥር አልተኛም» ስለው «እማዬ፣ ይኼ እኮ ንጉሥ ነው» ይለኛል። የአሁኑን አንድም ቀን አመስግኖት አያውቅም።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ክርክሩ ወደ ጠብ ሄደ። ደረት ሲገፋ፣ ቆርቆሮው ሲንኳኳ ሰማን። ከመሐላቸው የኔታ የሚሏቸው ሽማግሌ የቅኔ መምህር ነበሩ።

«ተዉ!» አሉ። «ፍርድ ቤት ባትቀርቡ ሙግት ጠፋባችሁ እንዴ? እንግዲያው እንደ ጥንቱ በወጉ ተሟገቱ። አንዱ ለድሮው፣ አንዱ ለአሁኑ ይቁም፤ ተጠየቅ ይባባል። ዳኛ ደግሞ አላፊ መንገደኛ ነው።»

«የኔታ፣ እዚህ መንገደኛ ከየት ይመጣል?»

«ወገን ያልያዘ ሰው ይበቃል።»

«ሁላችንም ይዘናል።»

ይኼኔ የቁይዋ ሴት ቆርቆሮውን በመዳፏ መታችው። «ቦክስ የሚበላ ይሁን የሚጠጣ የማታውቅ ሴት አለችላችሁ!»

አፏን ልይዛት ነበር፤ አልደረስኩም። ወንዶቹ ሳቁ። ወታደሩም ሳቀና «ትፍረድ፣ ማዘር ትፍረድ» አለ። የኔታ ወደ ቆርቆሮው ተጠጉ።

«ዳኛ ሆይ፣ ከተሟጋቾቹ ጋር ዝምድና፣ አበልጅነት ወይም ቂም የለዎትም?»

«እኔ የማየው ቆርቆሮ ነው፣ የኔታ። ማንንም አላውቅም።»

«መልካም። ይጀመር።»

ለድሮው የቆመው ጉልህ ድምፅ ያለው ሰው ነበር። እግሩን ሲሚንቶው ላይ መታ።

«ተጠየቅ! የእኔ ሰው እግሩ መሬት አይነካም። ሲመቱት የለም፤ ሲዞሩ ከኋላቸው ነው። በጉልበቱ ወራት የአሸናፊነት ቀበቶውን ቀሙት፣ ዓመታት እንዳይጫወት አገዱት። ከዚያ ሁሉ በኋላ ተመልሶ አሸነፈ!»

«ለምን አገዱት?» አልኩ።

«እምቢ ብሎ ነው፣ እማማ።»

«ምኑን?»

ወታደሩ በሩ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። «እምቢ ብሎ ነው በቃ» አለ ሰውየው።

ለአዲሱ የቆመው ደግሞ አፍንጫው የተዘጋ፣ ጉንፋን የያዘው የሚመስል ነበር።

«ተጠየቅ! የእኔ ሰው በዚህ በር የሚገባው አጎንብሶ ነው። የድሮው ሰው ቢዘል ቢዘል ፊቱ ላይ አይደርስም።»

«የድሮው በሕይወት አለ?» አልኩ።

«ሞቷል፣ እማማ።»

«ታዲያ ከሞተ ሰው ጋር እንዴት ይጋጠማል?»

«በሐሳብ ነው።»

«ምን በድሎት ነው ግን የሚመታው?»

ወዲያ ማዶ ሳቁ ፈነዳ። «ምንም አልበደለውም» አለ ባለጉንፋኑ፣ እሱም እየሳቀ። «ዳኛ ይስሙኝ። ግራ እጁ ሲወነጨፍ አይታይም። አንዴ እናቴ ላም ስታልብ ላሟ ድንገት ረግጣ የፊት ጥርሷን አወለቀችው። ጥርሷ መሬት ወድቆ እናቴ ገና ማለቧን አልተወችም። የሱም ቡጢ እንደዚያ ነው። ተመቺው የሚያውቀው ከወደቀ በኋላ ነው።»

እጄ ሳላዝዘው ወደ አፌ ሄደ። ከላይ አንድ የፊት ጥርስ የለኝም። ያወለቀችው ላም ናት። ያን ዕለት ልጄ ትንሽ ነበር፤ ጥጃዋን ይዞልኝ ቆሞ ነበር።

ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ ለጠፍኩ። ድምፁ የልጄ አይደለም። ግን የታመመ ሰው፣ የተመታ ሰው ድምፁ ይለወጣል። ልጄ ለአዲሱ አይሟገትም። ግን እንዳይታወቅ ብሎ ቢሆንስ? የእኔን ድምፅ ሰምቶ፣ እዚህ ነኝ ሊለኝ ቢሆንስ? ደግሞስ በዚህ አገር ላም የረገጣት ሴት እኔ ብቻ ነኝ? ስሙን ብጠራው አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ብጠራው ደግሞ ቆላ ነው ያልኩት ልጅ እዚህ ተገኘ ማለት ነው።

«ላሟ ምን መልክ ናት?» አልኩ።



ወታደሩ በሩን በጫማው መታ። «ማዘር! ስለ ቦክስ ብቻ!»

ባለጉንፋኑ አልመለሰልኝም። የኔታ «እንግዲህ ፍርድ» አሉ። ፍርዱን ከሰጠሁ ሙግቱ ያልቃል። ካለቀ ያን ድምፅ ዳግመኛ ላልሰማው ነው።

«ነገሩን ላጣራ» አልኩ። «ለነገ ቀጥሬያለሁ።»

«እርስዎም ቀጠሮ!» አለ አንዱ። ሁሉም አጉረመረሙ።

የቁይዋ ሴት አየችኝ። «ምን ሆነሽ ነው አፍሽን የያዝሽው?»

«ጥርሴን አሞኝ።»

«የትኛውን? የሌለውን?»

ፊቴን ወደ ቆርቆሮው አዞርኩ። እስከ ነገ ምን ብዬ እንደምጠይቀው ሳሰላስል ቆየሁ። የጥጃዋን መልክ ልጠይቅ? አልብበት የነበረውን ዕቃ?

በማግስቱ ጠዋት ገና ቁርስ ሳይገባ የጭነት መኪና መጣ። ወንዶቹን በስም እየጠሩ ማውጣት ጀመሩ። ስሞቹን አንድ በአንድ ሰማሁ። የልጄ ስም የለበትም። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ስም ሰጥቷቸው ይሆናል ብዬ ፈራሁ። በቆርቆሮው ስንጥቅ ብመለከት የሚታየኝ ጀርባ ብቻ ነው። ጎንበስ ያለ ጀርባ ሁሉ ያንድ ሰው ይመስላል።

የቀጠርኩት ቀን ዛሬ ነው። ለአዲሱ ብፈርድ ወታደሩ ደስ ይለዋል። ያ ሰው ልጄ ከሆነም የሚረታው ልጄ ነው። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ሙግት በደንብ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። የቀረው ሁሉ፣ ቁመቱም ክብደቱም ዝላዩም፣ አልገባኝም።

ጫማዬን አውልቄ ቆርቆሮውን መታሁ።

«ፍርዱን ሳትሰሙ አትሂዱ!»

ድምፄ እንደዚያ ይወጣል ብዬ አላውቅም ነበር። የሚጠራው ሰውዬ መጥራቱን ተወ።

«ለድሮው ፈርጃለሁ! የቀሙት ዓመት ይቆጠርለት!»

«ዝም በይ ማዘር!» ወታደሩ ነው።

ከመኪናው ላይ ያ አፍንጫው የተዘጋ ድምፅ መጣ። «ተረትቻለሁ፣ እማማ! እግዜር ይስጥልኝ!»

ልጄ እማዬ እንጂ እማማ ብሎኝ አያውቅም። ግን ስም መጠራራት ክልክል ነው።

መኪናው ሄደ። ወታደሩ ሦስት ቀን ፀሐይ ከለከለኝ። የቁይዋ ሴት ግን ዳኛ ብላ ትጠራኝ ጀመር፤ እስክንለያይም አልተወችውም።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቼ «ሂጂ» አሉኝ። ለምን እንደያዙኝ እንዳልነገሩኝ ለምን እንደለቀቁኝም አልነገሩኝም።

ልጄ ገብስ ሲታጨድ መጣ። ከስቷል፤ ድምፁ ወፍሯል። የት ነበርክ አልኩት።

«ቆላ፣ እማዬ። ሰሊጥ አጨዳ።»

ለእነሱ የነገርኳቸው ቃል ነው፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። ይህን ቃል እኔ ከእነሱ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። እውነትም ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው ይወርዳል። መጋዘኑን፣ ሙግቱን ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ «እኔ እዚያ አልነበርኩም» አለና ውኃ ሊቀዳ ወጣ። በሳምንቱ የድሮውን ሻምፒዮን ፎቶ ከአልጋዬ በላይ ራሱ አነሳው። ለምን ስለው «አንቺ አይደለሽ አንሳው ስትይኝ የኖርሽው?» አለኝ። አሁን ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ንጹሕ ቦታ ይታየኛል፤ ቢመልሰው ደስ ይለኝ ነበር። ዳግመኛ አልጠየቅኩትም። እፈራለሁ፤ ነበርኩ ቢለኝም እፈራለሁ፣ አልነበርኩም ቢለኝም።

እሱ ካልነበረ ሌላ እናት አለች ማለት ነው። ላም የረገጣት፣ ጥርሷ ወድቆ ማለቧን ያልተወች፣ እኔ የሰማሁትን ድምፅ ያልሰማች። ሮብ ገበያ ድንች ይዤ ስወርድ ሴቶች ሲስቁ አፋቸውን አያለሁ። ነውር ነው፤ አውቃለሁ። አንዳንዷ ታፍርና በነጠላዋ ትሸፍነዋለች። ባገኛት ምን እንደምላት አዘጋጅቻለሁ። ልጅሽ ያን ዕለት ደህና ነበር፣ ይስቅ ነበር፣ ስላንቺ አውርቶ ነበር እላታለሁ። ጎበዝ ተሟጋች ነው፤ እኔ ግን ፈረድኩበት እላታለሁ።