የአያ ይማም ሱሪ

ባለፈው ጁምዓ እህቴ ከድጃ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ መርሳ ያለው ቤቴ ገባችና ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ከድጃ ልብስ ሰፊ ናት። መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር፤ ከሱቋ ሮጣ መውጣቷን ያወቅሁት በእሱ ነው።

«እስቲ እዪ። ይቺ የእኔ ልጅ ናት?» አለችኝ።

ፎቶው ላይ ያለችው ልጇ ሀያት ናት። ቀይ ቱታ ለብሳ፣ ነጭ ሄልሜት ደፍታ፣ ጉንጯ ላይ ጭቃ ተረጭቶባት ትስቃለች። ከኋላዋ የብረት ማማ ቆሟል። ወልድያ ላይ ተምራ ከተመረቀች በኋላ ዘይትና ጋዝ ፍለጋ ምድር ወደሚቆፈርበት ወደ ኦጋዴን መሄዷን ሁላችንም እናውቃለን። እናቷ ግን በሐሳቧ ወንበርና ጠረጴዛ ያለበት ክፍል ውስጥ አስቀምጣት ነበር።

«ቢሮ ነው ያለችኝ። ቢሮ እንዲህ ነው እንዴ?»

«ቢሮው ከኋላዋ ይሆናላ» አልኳት። አልሳቀችም።

«ደውዪላትና ተመለሺ በያት። አንቺን ትሰማለች። ያንን ሥራ ከኛ ቤት የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ጣትሽን አስታውሻት።»

የግራ እጄ ትንሿ ጣት ጫፍ የላትም። ማንጎ ስመዝን ደንበኞቼ ያዩዋትና ያፍራሉ መሰለኝ አይጠይቁኝም። እኔ ግን ያን ሰዓት ጣቴን ረስቼ ፎቶውን በሁለት ጣቴ እየጎተትኩ አሰፋው ነበር። የምፈልገው ሻርፗን ነው። የት አደረገችው? ጫፉ ወጥቷል ወይስ ገብቷል? ይህን የምፈልግበትን ምክንያት ከድጃም ታውቀዋለች። ያኔ ግራና፣ አገራችን ሳለን፣ አብረን ነበርን።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ፣ ፈተናው ሳይሆንልኝ ቀርቶ፣ ግራና አጠገብ ባለችው መንደራችን ቤት ተቀምጫለሁ። አባታችን ስለሞተ የሚያስተዳድረን ታላቅ ወንድሙ አያ ይማም ናቸው። ግንቦት ነበር። ግንቦት እኛ ዘንድ ማንጎው የሚበስልበት፣ ነፋሱ ደግሞ ጭራሽ የሚጠፋበት ወር ነው። ምንጩ ደርቆ ስለነበር ከወንዙ አሸዋ ላይ ጉድጓድ እየጫርን ውሃ በጣሳ እንቀዳለን። አንዱ ጀሪካን እስኪሞላ ፀሐይዋ ከትከሻ ወደ ጀርባ ትዞራለች።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ረጅም የብረት ምሰሶ ጀርባው ላይ ያስተኛ መኪና ከመርሳ በኩል አቧራውን እያስነሳ መጣ። የውሃ ጉድጓድ ሊቆፍሩ ነው። መንደሩ ሁሉ ወጣ። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ሲወርዱ በስተመጨረሻ አንዲት ሴት ወረደች፤ እመቤት ትባላለች፣ ከደሴ ነው የመጣችው። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ሴቶቻችን በደስታ ተቀብለው ድስቱና ሽንኩርቱ ወደተዘጋጀበት ዳስ መሯት። እሷም ሽንኩርቱን አየች፣ አመሰገነች፣ ወደ መኪናው ተመለሰችና አንዱን የማንሻ እጀታ ስባ ያንን ምሰሶ ቀጥ አድርጋ አቆመችው። ዳሱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሽንኩርት የከተፈ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ እመቤትን ማየት ሆነ። እንዴት እንደምትራመድ፣ ጓንቷን እንዴት በጥርሷ ስባ እንደምታወልቅ፣ ወንዶቹ ሲቀልዱባት እንዴት እንደምትመልስ። ባሏ የት ነው? ማን ፈቀደላት? ብረቱ አይከብዳትም? ጥያቄው ሆዴን ነፍቶት ነበር። በኋላ የቀን ሥራ ሲገኝ ከጉድጓዱ የሚወጣውን ጭቃ በወንፊት ይዤ፣ አጥቤ፣ ላስቲክ ላይ በተራ እንድደረድር ተቀጠርኩ። የምድሩ ዓይነት የሚታወቀው በዚያ ነው። ያኔ ቀርቤ ጠየቅኋት።

«እትዬ እመቤት፣ አይፈሩም?»

«እፈራለሁ እንጂ» አለች። «ያልፈራ እዚህ አይቆይም። አንቺስ ምን ታሸቻለሽ? ጭቃውን ሁሌ አፍንጫሽ ላይ ነው የማይሽ።»

እውነቷን ነው። ጭቃውን አሸት ነበር። ከላይ የወጣው፣ የመጀመሪያ ዝናብ እንደነካው እርሻችን ይሸታል። ዝቅ ሲል ጥቁር ድንጋዩ ምንም አይሸትም። ከእግራችን ሥር ማንም ያላየው አገር እንዳለ፣ እኔ ደግሞ እየቆነጠርኩ እያወጣሁት እንደሆነ ሳስበው ልቤ ይመታል። ከዚያ በፊት የማውቀው መንገድ ለፈተና የሄድኩበት የወልድያው ብቻ ነበር። አሁን ወደ ታችም መንገድ ኖሯል።

ከዚያ የአንደኛውን ረዳት እግር የመቆፈሪያው ቧንቧ ጨፈለቀው። ጫማው ሲወልቅ አይቻለሁ፤ አልዘረዝረውም። ወደ ወልድያ ወሰዱትና ቦታው ክፍት ሆነ። የቡድኑ አለቃ ጋሽ ታምሩ ሰው ሲፈልግ ሄጄ ፊቱ ቆምኩ። ያየሁትን እያየሁ ለምን ሄድኩ? ዛሬም በደንብ አላውቅም። የማውቀው የጭቃው ሥራ በዚህ ጉድጓድ እንደሚያበቃ፣ መኪናው ሲሄድ እኔ ወደዚያችው ወደ ጣሳዬ እንደምመለስ ነው። ረዳት የሆነ ግን አብሯቸው ይሄዳል። ቀጣዩ ሲሪንቃ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቆቦ።

ጋሽ ታምሩ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ቀሚስ እዚህ ብረት ላይ አይወጣም። ሱሪ ለብሰሽ፣ ሻርፕሽን አንገትሽ ሥር ጠቅልለሽ ከመጣሽ እሞክርሻለሁ።»

ለአያ ይማም ደግሞ ነገርኳቸው። «ሥራ ነውር የለበትም» አሉ። «ሱሪ ግን የወንድ ልብስ ነው። እኔ ቆሜ እየሄድኩ የወንድሜ ልጅ በሱሪ ከወንድ መሃል ቆማ ሰው አያያትም። በቀሚስሽ ካሠሩሽ ሥሪ፣ አላህ ያግዝሽ።»

«አያ፣ በቀሚስ አይሆንም አሉኝ እኮ።»

«እንግዲያው አልሆነማ።»

አንዱ ያለ ሱሪ አይሆንም ይላል፣ ሌላው በሱሪ አይሆንም ይላል። እኔ መሃላቸው ቀረሁ። ከድጃ ያኔ ትንሽ ናት፤ ማልቀሴን አይታ ግማሽ ማንጎዋን ሰጠችኝ።

ጭቃው እየረጠበ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን ከወንፊቱ አንስቼ ሳሸተው የእንስራችን ሆድ ሸተተኝ፤ ውሃ ቆይቶበት ባዶውን ያደረ እንስራ የሚሸተውን። ለእመቤት ነገርኳት፤ ሳቀች እንጂ አልናቀችኝም። ወሬው እንዴት እንደወጣ እንጃ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ከነኩታቸው ደረሱ። ቁፋሮው ሲጀመር ዋርካው ሥር ለወዳጃ ተሰብስበው ዱዓ አድርገው ነበርና ውሃው ሲቀርብ ደግሞ ምርቃቱ ጉድጓዱ ራሱ ላይ መድረስ አለበት። ሽማግሌ ዱዓ አድርጎ «ቱፍ፣ ቱፍ» ሲልበት ነው በረካው የሚያርፈው። ቱፍታ እንለዋለን። ይህን የሚያደርጉት ደግሞ በዕድሜ የሚበልጡት አያ ይማም ናቸው።

በሥራው ዙሪያ ገመድ ተወጥሯል። አያ ይማም ገመዱን በምርኩዛቸው ከፍ አድርገው ጎንበስ ብለው አለፉ። ቧንቧው እየዞረ ነው። ሆኖም የከለከላቸው አልነበረም። የኛ አገር ሰው ሊመርቅ የተነሣን ሽማግሌ «ወደዚያ አይሂዱ» አይልም። ገመዱ ጋ የቆመው ዘበኛ እንዲያውም ቆቡን አውልቆ መንገድ ለቀቀላቸው። እመቤት ጀርባዋን ሰጥታ መለኪያውን ታያለች፤ ጋሽ ታምሩ ከመኪናው ማዶ ነው። አየር የሚነፋው የኮምፕሬሰር ጩኸት ቢጣሩም አያሰማም።

ቀና ስል እሳቸው ቧንቧው ላይ ጎንበስ ብለዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የኩታቸው ጫፍ ከትከሻቸው ወርዶ እርጥቡን ብረት ነካና ተለጠፈ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ የሸማኔ ድውር ላይ እንደሚጠመጠም ክር፣ መዞር ጀመረ። እሳቸው አላዩትም።

ወንፊቱን የት እንደጣልኩት አላስታውስም። ደረታቸው ላይ ያለውን ልብስ በሁለት እጄ ጨብጬ ወደ ኋላ ወረወርኳቸው፤ እኔም አብሬ ወደቅሁ። ኩታው ከትከሻቸው ተመንጥቆ ብረቱ ላይ ተጠቀለለና ተቀደደ። እመቤት ዞር ብላ ማቆሚያውን መታችው። ሞተሩ ጸጥ ሲል መንደሩ ሁሉ ያየው አንድ ነገር ነው፤ ይማም የሚባሉትን ሽማግሌ የገዛ ወንድማቸው ልጅ ጭቃ ላይ ዘርራቸዋለች።

ፈራሁ። ብረቱን አይደለም፣ እሳቸውን። ቆባቸውን ከጭቃው አንስቼ ሰጠኋቸው። እሳቸው ብረቱ ላይ የቀረውን ኩታቸውን ያያሉ፤ የኔ የሚመስል ነገር እዚያ ላይ ምን ይሠራል የሚሉ ይመስላሉ።

«ዘሐራ» አሉ ቀስ ብለው፤ «ቱፍታውን ጨርሼ ነበር ወይስ ቀርቶኛል?»

«አላየሁም፣ አያ።»

«እንግዲያው እዚሁ ሆኜ ልጨርስ።» እዚያው ጭቃው ላይ እንደተቀመጡ መዳፋቸውን ዘረጉ። ሰው ሁሉ «አሚን» አለ፤ ጋሽ ታምሩም አለ፣ ክርስቲያኑ። ዱዓቸው ግን መሃል ላይ ሲሰበር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት በራችን ላይ መጡ። በብብታቸው የታጠፈ ነገር ይዘዋል። አያ ይማም እንደ ቆላው ሰው ሁሉ የሚውሉት በሽርጥ ነው፤ አንዲት ግራጫ ሱሪ ነበረቻቸው፣ ወልድያ ለጉዳይ ሲሄዱ ብቻ የሚለብሷት። እሷን አምጥተው እጄ ላይ አኖሩልኝ።

«ሱሪ የከለከልኩሽ የሰው ዓይን ፈርቼ ነው» አሉ። «ብረቱን አላሰብኩትም ነበር። ሰው የሆነ ነገር ካለሽ የይማም ሱሪ ነው በይ።»

ሱሪው እኔን ሁለት ጊዜ ይይዘኛል። ከድጃ መርፌ ይዛ በሩ ላይ ተቀመጠችና እግሩን አጥፋ፣ ጎኑን አጥብባ፣ ስትሰፋ አረፈደች። ያን ዕድሜ ሆና አሰፋፏ ቀጥ ያለ ነበር። ወገቡን በገመድ አስሬ ስወጣ ሴቶቹ ከዳሱ ብቅ ብለው ሳቁብኝ፣ ከዚያ አንዷ እልል አለች። ውሃው የወጣው እኔ ብረቱ ላይ ቆሜ ነው። አያ ይማም በመዳፋቸው ቀድተው ጠጡና «ጨው የለውም» ብቻ አሉ። ሲሪንቃም ሄድኩ፣ ቆቦም ሄድኩ፣ ከዚያም ወዲያ። ጣቴን የወሰደው ከዓመታት በኋላ፣ ሌላ አገር፣ ትልቁ መፍቻ ነው። ያ ሥራ ሰው አያባብልም፤ ያን ጊዜም ቢሆን አባብሎኝ አያውቅም።

እናም ባለፈው ጁምዓ ለሀያት ደወልን። ከድጃ የስልኩ ድምፅ ለሁለታችን እንዲሰማ አደረገችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ከወዲያ የሞተር ድምፅ ይሰማል። ያንን ድምፅ ስሰማ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

«ሻርፕሽን የት አደረግሽው?» አልኳት ከሰላምታው ቀድሜ።

«ከሄልሜቱ ሥር ጠቅልዬ ጫፉን ቱታው ውስጥ ከትቼዋለሁ፣ አክስቴ። የአያ ይማምን ነገር እኮ በልጅነቴ ነግረሽኛል።»

ስንት ሜትር ቆፍረው እንደወረዱ ነገረችኝ። ከግራናው ጉድጓድ ጋር ላስተያየው ሞከርኩና አቃተኝ። «እና ያ ጭቃ ምን ይሸታል?»

«ማሽተት ክልክል ነው፤ ጋዝ ይኖርበታል። የሚያሸትልን መሣሪያ ነው።»

«መሣሪያው ምን ሸተተኝ ይላል?»

ሳቀች። ከድጃ ክንዴን ነካ አደረገችኝ። ለእናቷ ቃል ስለሰጠሁ ነገርኳት፤ «እናትሽ ተመለሺ በያት ብላኛለች።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ይህን ጥያቄ ጠብቄው ነበር። ጣቴን አየሁ። «ሥራው ያስፈራል» አልኳት። «እኔንም ጎድቶኛል። ያንን ጭቃ ሳላሸት ብቀር ግን ዕድሜዬን ሙሉ ምን ይሸት ነበር እያልኩ እኖር ነበር። እኔ ይህን ነው የማውቀው። ለእናትሽ አንቺው ንገሪያት።»

ከድጃ ስልኩን ከጉልበቷ አነሳችው። ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ፎቶውን እንደገና ከፍታ ዓይኗን አጥብባ እያየች፣ በነጻ እጇ አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር ትዳብሳለች።

«ሀያት» አለች። «ያ ቱታ እግሩ ላይ ይንዘላዘላል። በፎቶው አይቼዋለሁ። ብረቱ ጋ እንዲህ ሆነሽ አትቁሚ።»

«እሺ እማ።»

«ታጥፊውና ትሰፊዋለሽ። ጎኑንም ታጠብቢዋለሽ። መርፌ አለሽ እዚያ?»