የተዘጋው ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የኤድና ብራውንን ስም ያወጣችው ግን አደላይድ ከተማ የነበረ የሴት ልጆች ማሳደጊያ ኃላፊ ናት። ያን ሳምንት ከበረሃ የመጡትን ሦስት ሕፃናት ግድግዳ ሥር አቁማ አንዷን ኤድና፣ አንዷን ሜቪስ፣ አንዷን ግላዲስ አለቻቸው። የልደት ቀንም ያስፈልጋል ተባለና ለሦስቱም አንድ ቀን ተሰጣቸው። ኤድና ካረጀች በኋላ በዚህ ትቀልድ ነበር፤ "እኛ እንደ ጫጩት ባንድ ቀን ነው የተፈለፈልነው" ትላለች።

ከዚያ በፊት ስለነበረው ሕይወቷ የምታስታውሰው የእናቷን እጅና ድምፅ ብቻ ነው። የመንግሥት መኪና አቧራ ከሩቅ ሲታይ እናቷ ከሰል በስብ ለውሳ ፊቷን፣ ክንዷን፣ እግሯን ታሻት ነበር። እናቷ ከአገሩ ጥቁር ነባር ሕዝብ ናት፤ አባቷ ግን ነጭ ስለነበረ ልጅቱ ቀላ ብላለች፤ በጊዜው የነበረው ሕግ ደግሞ ቀላ ያሉትን ልጆች ከእናታቸው ይወስዳል። ከሰሉ ስንት ጊዜ አተረፋት። አንድ ቀን ግን ያ አገር ዓመት ሙሉ የለመነው ዝናብ ወረደና አጠባት። ያኔ አራት ዓመቷ ነበር።

እናቷ እያሸቻት በስሟ ትጠራት ነበር። ኤድና ድምፁ ዛሬም ጆሮዋ ውስጥ አለ፤ ስሙ ግን የለም። ማሳደጊያው ውስጥ የድሮ ስሟን ያነሳች ልጅ አፏ በሳሙና ይታጠባል። ይህን ያደረጉት ለልጆቹ አዝነው እንደሆነ የጻፉ ሰዎች ነበሩ። ጡረታቸውን በልተው፣ አልጋቸው ላይ ሞተዋል።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ አጠበች። አልወለደችም። ሰፈሩ በሙሉ "አክስቴ" ይላታል፤ እናቴ ያላት ግን የለም። ሰባ ስምንት ዓመት ሲሞላት፣ ቤተሰብ የሚያፈላልጉ ሰዎች ደብዳቤ ጻፉላት። እናትሽ ከሞተች ቆይታለች፤ አንቺ ከተወሰድሽ በሁለተኛው ዓመት የተወለደች እህት ግን አለችሽ፣ እዚያው በረሃው ውስጥ ትኖራለች ይላል፤ ስሟን ግን አይጠቅስም።

ኤድና ደብዳቤውን አንብባ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። አምስት ወር እዚያው ተቀመጠ። ነገሩ ፍርሃት ነው። ቋንቋቸውን አታውቅም፤ በምን አፏ እህቴ ትበላት? እየመጣች የምታጥባትና መድኃኒቷን የምትሰጣት ሱጃታ ናት ደብዳቤውን ያገኘችው። ሱጃታ ኔፓላዊት ናት፤ ዘጠኝ ዓመት ስትጠብቅ ኖራ፣ በመጪው ሳምንት አርብ ዜግነት ልትቀበል ነው።

"አክስቴ፣ ይሄን ደብቀው ነው እስካሁን ዝም ያሉት?"

"ምን ልሁን ብዬ ልሂድ?"

"ስምዎን ሊጠይቁ ነዋ። ሌላ ምን!"

ሁለት ቀን ሙሉ ወደ ሰሜን ነዱ። ሱጃታ መሪውን ይዛ አርብ የምትምለውን ቃል ትለማመዳለች።

"የአገሪቱን ሕግ አከብራለሁ፣ እታዘዛለሁ።"

"የትኛውን ሕግ?" አለች ኤድና።

"ያለውን ሁሉ ነዋ።"

"እኔን የወሰደኝም ሕግ ነበር እኮ።"

ሱጃታ መለማመዱን ትታ ሬዲዮኑን ከፈተች።

ሰፈሩ ሲደርሱ የእህትየዋ ቤት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ውስጡ ባዶ ነው። ግቢው የሰው ዱካ እስኪጠፋ በቅጠል ተጠርጓል። ሱጃታ ቤት የቀየሩ መሰላት። ኤድና ግን ከመኪናው ወረደች። ወዲያ ማዶ፣ ዛፎቹ ሥር፣ ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ግንባራቸው በነጭ ጭቃ ተቀብቷል። ኤድና ወደ እነሱ ጥቂት ተራመደችና ጉልበቷ እምቢ ሲላት ሜዳው ላይ ቁጭ አለች። በዚያ አገር እንግዳ ዘው ብሎ አይገባም፤ ራቅ ብሎ ተቀምጦ እስኪጠሩት ይጠብቃል። ሴቶቹ ወጉን የምታውቅ ሰው መጣች አሉ፤ የጉልበቷን ነገር ማን ነገራቸው።

ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ተነስታ መጣችና ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

"ደቡብ የወሰዱሽ ነሽ" አለች ሴትየዋ በእንግሊዝኛ።

"አዎ።"

"ኖርማ ነኝ፤ የእህትሽ ልጅ። በእኛ የእናት እህት እናት ናት። እና ... እማዬ፣ ዘገየሽ።"

ኤድናን ሰባ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም "እማዬ" ብሏት አያውቅም።

"መቼ ነው?"

"ከሞተች ሦስት ሳምንት ሆናት። ደብዳቤው ከተጻፈ ጀምሮ መኪና በመጣ ቁጥር እየወጣች ታይ ነበር።"

ኤድና ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ሳትሸሽግ፣ ድምፅ አውጥታ። ሴቶቹ ተነስተው መጥተው ከበቧት፣ አንገት ላንገት እየተያያዙ አብረዋት አነቡ። ያ ለቅሶ ቋንቋ አላስፈለገውም። ሲበቃቸው ግንባሯን ነጭ ጭቃ ቀቧት፤ ሻይና በፍም የተጠበሰ የካንጋሮ ጅራት አቀረቡ። ሱጃታ ጅራቱን በዓይኗ ስትለካው አንዷ አሮጊት አይታት፣ "ብዪው፣ ከእንግዲህ አይዘልም" አለቻት።

ጀንበር ሳትጠልቅ ኤድና የመጣችበትን ጠየቀች።

"ኖርማ፣ እናቴ ያወጣችልኝ ስም ማን ነው?"

ኖርማ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

"አሁን አይጠራም።"

"የሟቿን አይደለም እኮ የምጠይቅሽ። የራሴን ነው።"

"እኔም ያንቺን ነው የምልሽ" አለች ኖርማ በቀስታ። "ሲወስዱሽ አያቴ ስምሽን እየጠራች ዱር ለዱር ዞረች። ኋላ ልጅ ስትወልድ በዚያው ስም ጠራቻት፤ እስክትመለሺ ስሙ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ብላ። እናቴ ሰባ ሁለት ዓመት ጠበቀችልሽ። አሁን እሷ ስትሄድ ስሙ አብሯት ተዘጋ።"

እኛ ጥሩ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን። እነሱ ዘንድ የሞተ ሰው ስም አይጠራም፤ ከተጠራ ሟችን ከመንገዱ ይመልሰዋል። ሽማግሌዎች ይጠራ ብለው እስኪከፍቱት ዓመትም ሁለት ዓመትም፣ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ኤድና በልቧ ዕድሜዋ ላይ ደመረችው። ሰባ ሁለት ዓመት ተጠብቆ በሦስት ሳምንት ማምለጡ አንገበገባት። ያ መሳቢያ ታያት፤ እጇን ብትቆርጠው በወደደች።

ሱጃታ ጎትታ ወደ መኪናው ወሰደቻት።

"አክስቴ፣ እዚህ ሰፈሩ ክሊኒክ ውስጥ እኮ የእህትዎ ካርድ አለ። ስሟ ተጽፏል። አይጠራም አሉ እንጂ አይነበብም አላሉም። ሄጄ ልይልዎት?"

ክሊኒኩ መቶ እርምጃ አይርቅም፤ መብራቱ በርቷል። ኤድና አየችው። ስለ ራሷ እስከ ዛሬ ያወቀችው ሁሉ ከመዝገብ የተገኘ ነው። "ሴት፣ ቀላ ያለች፣ ዕድሜ አራት ገደማ" የሚለውን ያነበበችው መዝገብ ላይ ነው። እናቷ መሞቷንም የነገራት ወረቀት ነው። አሁንም ሄዳ ብታነበው ማንም አያውቅባትም።

"ተይው" አለች።

"ግን ለዚህ ብለው አይደለም የመጡት?"

"ለዚህ ነው። እነሱ ስሜን ሲጠብቁ ኖረው እኔ ከጀርባቸው ልስረቀው? ከፍተው ይስጡኝ። ካልሆነ ይቅር።"

ኖርማ ይህን ሰማች። መጥታ እጇን ያዘቻት።

"ስሙን የሚጋራ ሰው እስኪከፈት ድረስ የሚጠራበት አለው" አለቻት። "ኩማንጃይ ይባላል። ሱቅ ውስጥ የምትሸጠዋም ልጅ ያው ስም ስላላት፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ኩማንጃይ ነው የምንላት። አንቺም ኩማንጃይ ነሽ።"

"ስም የለሽ ማለት ነው?"

"ስም ያላት፣ ግን የማይጠራ ማለት ነው።"

ኤድና አልተመለሰችም። ሱጃታ ብቻዋን ነድታ አርብ ደረሰች፤ ቀኝ እጇን አንስታ የአገሪቱን ሕግ እታዘዛለሁ ብላ ማለች፣ ባንዲራና በማሰሮ የተተከለ ችግኝ ተሰጣት። ኤድና ከሴቶቹ ጋር ዛፉ ሥር ተቀምጣ ጠበቀች። አንድ አንድ ቃል እያለች፣ እንደ ሕፃን፣ ቋንቋውን ትማር ጀመር፤ ውሃ፣ እሳት፣ ነይ፣ ተቀመጪ። ሲስቁባት አብራ ትስቃለች። አንዳንዴ ሴቶቹ ሲያወሩ ጆሮዋን ታቆማለች፤ ያ ድምፅ ድንገት ካንዳቸው አፍ ቢያመልጥ ብላ። አንድም ቀን አላመለጣቸውም።

በአሥራ አራተኛው ወር ኖርማ ለሱጃታ ስልክ ደወለች።

"እማዬ ሄደች" አለቻት። "በእንቅልፏ ነው። ሽማግሌዎቹ ከዝናቡ በኋላ እንከፍተዋለን ብለው ነበር።"

"እና ስሙ?"

"ያው ነው። እንደገና ተዘጋ። አሁን የሁለት ሰው ነው።"

ሱጃታ በማግስቱ የአሮጊቷን የኪራይ ቤት ዕቃ ልታወጣ ሄደች። የደብዳቤ ሳጥኑ ላይ "ኤ. ብራውን" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ማንም አላዘዛትም። በጥፍሯ ቀስ አድርጋ ልጣ አነሳችው፤ ሳታነበው አጥፋ ኪሷ ከተተችና ቁልፉን ልትመልስ ሄደች።