የተስፋይ ቢላዋና የጋሼ ጓን ወፎች

አደን ውሰደን ለምትሉኝ ልጆች ይህን አንድ ቀን ልንገራችሁ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ ጥቅምት ላይ ነው። ከዴንቨር በስተምዕራብ ያለው ተራራ የመጀመሪያውን በረዶ ለብሷል። የወጣነው ለኤልክ ነበር፤ ፈረስ የሚያክል አጋዘን ማለት ነው። ሦስት ነን። ተስፋይ አስመራ በአማርኛ የተማረ፣ ጾም የማይገድፍ ባለታክሲ ነው። ጋሼ ጓን ደግሞ ሃቫና ስትሪት ላይ ሰዓት የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ከሰሜን ምሥራቅ ቻይና የመጡ ማንቹ። «ጋሼ» ያልናቸው እኛ ነን፤ ወደውታል።

በማንቹዎች ዘንድ እያንዳንዱ ጎሳ የራሱ ሻማን አለው፤ በከበሮ የቀደምቶችን መናፍስት የሚጠራ ሰው ነው። የጋሼ ጓን ጎሳ ሻማን አክስታቸው ነበሩ። ጋሼ ጓን ራሳቸው ከበሮ አይመቱም፤ ግን ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ከተማ ባለው አፓርትመንታቸው በምዕራቡ ግድግዳ ሥር ማንም አይቀመጥም፣ የቀደምቶቹ ቦታ ነውና። ተስፋይ አንዴ እዚያ ጉብ ብሎ እጁን ይዘው አስነስተውታል። እንስሳ ሲወድቅም የመጀመሪያው ቁራጭ እንጨት ላይ ተሰቅሎ ለቁራና ለማግፓይ ይሰጣል። ማግፓይ ያ ጭራው ረጅም፣ ጥቁርና ነጭ ወፍ ነው። የዘር አባታችንን ከጠላት ያዳነ እሱ ነው ይላሉ።

ረፋድ ላይ ዱካ አገኘን፤ ሰፊ፣ ጠርዙ ገና ያልቀለጠ። ነፋሱ ፊታችንን ይመታል፣ ስለዚህ ሽታችን ወደ አውሬው አይሄድም። ጥዶቹ ዳር ወንዱን አይቼ ተኮስኩ። ጥቂት ሮጦ ከአንድ የወደቀ ግንድ አጠገብ ተጋደመ።

ተስፋይ ቢላዋውን መዘዘ። ነፍሱ ሳትወጣ «በስመ አብ» ብሎ ካላረደው ስጋው ቤቱ አይገባም።

«ቁም!» አሉት ጋሼ ጓን በእንግሊዝኛ። ማግፓዮች መጥተው ጥድ ላይ አርፈዋል፤ ገና አልወረዱም። «አክስቴ፣ ወፎቹ ሳይወርዱ እንዳትቀርቡ ይሉን ነበር።»

«ጋሼ፣ እኔ ከወፍ ፈቃድ ልጠይቅ?»

«ነፍሱ እኮ ገና እዚያው ናት!»

«እኔስ የምቸኩለው ለምን ሆነና!»

«ቆይ፣ በጥይት ልድገመው» አልኩ። ተስፋይ ግን በእኔና በአውሬው መካከል ገብቷል። በግራ እጁ ቀንዱን ያዘ።

ኤልኩ ተነሣ። ቀንዱ ጃኬቱን ሰቅሎ ተስፋይን ከግንዱ ጋር አላተመው፤ ከዚያ እዚያው ተጭኖ ያዘው። ጠመንጃዬን ደግኛለሁ፤ በመነጽሩ የማየው ግን የተስፋይን ብርቱካንማ ጃኬት ብቻ ነው። መተኮስ አልቻልኩም።

ጋሼ ጓን ከጀርባ ቦርሳቸው መጥበሻ አውጥተው በቢላዋ ጀርባ መቱት። ዝም ብሎ ማንኳኳት አልነበረም፤ ምቱ ልክ ነበረው፣ በአፋቸውም የማላውቀውን ነገር ይሉ ነበር። እየመቱ ወደ ጎን በቀስታ ተራመዱ። ኤልኩ ቀና ብሎ ወደ እሳቸው አንድ እርምጃ ዞረ። አንገቱ ተገለጠልኝ፤ ተኮስኩ።

ያዞረው ድምፁ ነው ብል አልዋሽም። ሌላ ነገር ነው ብል ማስረጃ የለኝም። ማግፓዮቹ ግን ያን ጊዜ ወረዱ።

ተስፋይ የጎን አጥንቱ ተሰብሯል። እሱ ግን መጀመሪያ ያየው ቢላዋውን ነው፤ ደም አልነካውም፣ አውሬው ሳይታረድ ሞቷል። ጋሼ ጓን የመጀመሪያውን ቁራጭ ቆርጠው እንጨት ሊተክሉ ሞከሩ፤ መሬቱ ደርቆ እምቢ አለ። ተስፋይ ጎኑን ደግፎ ተነሣና እንጨቱን ያዘላቸው።

«ስጋውን አልበላም፣ ጋሼ። እንጨቱን ግን እይዛለሁ።»

«አንተን ማን ብላ አለህ? ለወፎቹ ነው» አሉት።

አዎ፣ ዛሬም የወደቀ አውሬ ጋ ከመቅረቤ በፊት ቆሜ ዛፎቹን አያለሁ። ከሁሉ በፊት ግን፣ ገና መኪና ውስጥ እያለን፣ የሚከተለኝን ሰው ሁሉ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ «ስጋው ቤትህ እንዲገባ ምን መደረግ አለበት?» ነፍሱ ሳትወጣ ልረደው የሚል ካለ፣ መኪናዬን አዙሬ በግ ገዝቶ በገዛ እጁ ወደሚያርድበት፣ ወደ በግ አርቢዎች እነዳለሁ።