የቲራደንቴስ ኦርጋንና የደባርቅ ማሲንቆ

ከደባርቅ የተነሣሁት በንጋት ሚኒባስ ነው፤ ማሲንቆዬን በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀምጬ። የምሄደው ብራዚል ውስጥ ቲራደንቴስ ወደምትባል የድሮ ከተማ ነው። እዚያ በሚደረግ የሙዚቃ በዓል ላይ ግጥሜን በማሲንቆ እንድጫወት ተጋብዣለሁ።

«አዝማሪ በአውሮፕላን! ምነው፣ በቅሎ ጠፋ?» አለኝ ረዳቱ።

ሣቅሁ እንጂ ፈርቻለሁ። ከደባርቅና ከዳባት ጠላ ቤቶች ውጭ ተጫውቼ አላውቅም። እዚያ ካፈርሁ ወሬው ቀድሞኝ አገሬ ይገባል።

ቲራደንቴስ

ፖርቱጋሎች ወርቅ ሲያስቆፍሩ የቆረቆሯት ከተማ ናት። ቤቶቹ ነጭ፣ የበር መቃኖቹ ሰማያዊና ቢጫ፣ መንገዱ ጥርብ ድንጋይ። ከጀርባዋ የቆመው ገደል የሊማሊሞ ታናሽ ወንድም ይመስላል። አስተናጋጄ ራፋኤል የሙዚቃ መምህር ነው። ምሳ ያለ አሳማ ሥጋ የተሠራ፣ ካሳቫ በሚባል የሥር ተክል ዱቄት የታሸ ባቄላ ጋበዘኝ።

«ስሙ የበቅሎ ነጂዎች ባቄላ ነው» አለኝ።

«እንግዲያው የስሜን በቅሎ ነጂዎች የሚያድሩበት ሳንቃ በር ገብቻለሁ» አልሁት። ዋጋውን ወደ ብር ስመልሰው ግን ጋባዡ እሱ በመሆኑ ፈጣሪዬን አመሰገንሁ።

ኮረብታው ላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በወርቅ ያጌጠ፣ በረጃጅም ቧንቧዎች የሚጮኽ ኦርጋን አለ። ከፖርቱጋል በመርከብ፣ ከወደቡ ደግሞ በበቅሎ መጣ ይላሉ። በዚህ አገር ከባሪያ እናቶች የተወለዱ ሰዎች ሳይቀሩ የደረሱትን ዜማ የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም ይጫወቱታል።

ጭራው

በዝግጅቱ ዕለት ከሰዓት በኋላ ማሲንቆዬን ስቃኝ ክሩ ተበጠሰ። የማሲንቆ ክር የፈረስ ጭራ ነው፤ ትርፍ አልያዝሁም። የጋሪ ፈረሶች ወደሚቆሙበት አደባባይ ሮጥሁ። ከአንዱ ባለ ጋሪ ጥቂት ጭራ ስለምን፣ አብሮኝ የመጣው ራፋኤል እየሣቀ ተረጎመልኝ።

ባለ ጋሪው ፈረሱን አቀፈ። «ጭራውን ወስዶ ዝንቡን እሱ ሊያባርርለት ነው?»

አደባባዩ በሣቅ አለቀ። እኔ ላብ አጠመቀኝ። ሣቁን ሰምተው የቤተ ክርስቲያኑ ቫዮሊን ተጫዋች፣ አሮጊቷ ዶና ሉሲያ መጡ። ነገሩን ሲረዱ ከሣጥናቸው አሮጌ የቫዮሊን መምቻ አወጡና ጭራውን በመቀስ ቆረጡት።

«ይህም ፈረስ ነበር፤ እንካ ልጄ» አሉኝ።

ወጠርሁት። ማሲንቆው ጮኸ።

አመሻሽ ላይ፣ ኦርጋኑ ዝም ሲል ተራዬ ደረሰ። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መሐል ቆሜ እንዲህ አልሁ፦

በቅሎ ያመጣው ኦርጋን፣ ሰማሁት ሲጣራ፤
እኔም ልመልስለት፣ በፈረሱ ጭራ።

በእኛ አገር ከዚህ በኋላ ከአድማጩ አንዱ «ተቀበል!» ይልና ለአዝማሪው ግጥም ይሰጣል። ልማድ ይዞኝ ጠበቅሁ። ሰጪ የለም። ጭንቅ ሲለኝ ራሴው «ተቀበል!» ብዬ ጮኽሁ። ሕዝቡ የመዝሙሩ አዝማች መሰለው፤ በአንድ ድምፅ «ተቀበል!» ብሎ መለሰልኝ። የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለይተው ያዙት። ዶና ሉሲያ በቫዮሊን ገቡ። ባለ ጋሪው ከግንብ ላይ ሆኖ ከሁሉ በላይ ይጮኻል። ገደሉ መልሶ ሲያስተጋባው ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

መልስ

ቅርስ ማለት እንዳይነካ የሚቆለፍበት ነገር ይመስለኝ ነበር። ቲራደንቴሶች ግን በየሳምንቱ ይነኩታል፤ ለመንገደኛም ቆርጠው ይሰጡታል።

ከጎንደር በሚኒባስ ስመለስ ይህን ለተሳፋሪዎች እያወራሁ ዳባትን አለፍን። ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንዲት ነጋዴ እናት አላስጨረሱኝም።

«አንተ፣ ወሬ ብቻ ይዘህ ልትገባ ነው? በል ተቀበል!

ከባሕር ማዶ አድሮ፣ የመጣ ማሲንቆ፣
ደባርቅ ሊገባ ነው፣ እንደ ሙሽራ ደምቆ!»

ጋቢውን ፈታሁና ተቀበልኋቸው። ሾፌሩ ጡሩምባውን እየነፋ ደባርቅ አስገባን።