የወይዘሮ አስካለ ያልተቆረጠ መስኮት

ወይዘሮ አስካለ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት እዚህ ለንደን በሕክምና ላይ እንዳሉ ዐርፈዋል። ልጃቸው ሄለን ናት ደውላ «ጋሼ፣ እማዬ...» ብላ ያረዳችኝ። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው በሕፃንነታቸው ከሚያውቋቸው ሰዎች የቀረሁት እኔ ስለ ሆንሁ ነው እንጂ፣ ትዝታዬ የሚታመን ሆኖ አይደለም።

ወይዘሮ አስካለ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተጎዱ መጻሕፍትን ይጠግኑ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜያቸውን የሰጡት «የቆሙ ቦታዎች» ብለው ለሰየሙት ሥራ ነው። ሰው ከልቡ ያልወጣለትን ቦታ ይነግራቸዋል፤ እርሳቸውም ከባለታሪኩ ጋር ተቀምጠው፣ ወረቀት ቆርጠውና አጥፈው፣ ሲገለጥ ቤቱ ወይም ድልድዩ ከገጹ ተነሥቶ የሚቆም መጽሐፍ ይሠራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ካሌዶኒያን ሮድ አጠገብ ባለችው አዳራሽ የተገኘ ሁሉ ጠረጴዛቸውን ያስታውሰዋል።

አንድ ቅዳሜ አቶ በርሄ ከረን የነበረውን የአያታቸውን ቤት ሲያሠሩ፣ «በሩ ሰማይ ይነካል» አሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተብርሃን ሣቁባቸው።

«ኧረ እባክህ! አጎንብሰን አይደል እንዴ የምንገባው? ኋላ ስንሄድ ግንባርህን የመታህ ምን ሆነና?»

«እኔ የምናገረው ስለ ድሮው ነው።»

«እና በሩ ከዚያ ወዲህ አጠረ?»

ሁላችንም ስንሥቅ ወይዘሮ አስካለ ብቻ አልሣቁም። «አቶ በርሄ፣ ከዚያ ቤት ሲወጡ ቁመትዎ ምን ያህል ነበር?» ብለው ጠየቁ። አቶ በርሄ እጃቸውን በወገባቸው ልክ ዘርግተው አሳዩ። ወይዘሮ አስካለም «እንግዲያው በሩ ረጅም ነው» አሉና ወረቀቱን አስረዝመው ቆረጡት።

ከሰቨን ሲስተርስ ሰፈር ይመጡ የነበሩ፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አንዲት እናትም ነበሩ። የሠሩት ጣራ ሲጣመም አንድ ሰው ሊያቃናላቸው ተነሣ። ወይዘሮ አስካለ «ተወው፤ አንተ ካቃናኸው ያንተ ቤት ይሆናል» ብለው መለሱት። ከሥሩ ድጋፍ ለጠፉለትና ጣራው እንደ ተጣመመ ቆመ። እናትየዋ ያን መጽሐፍ አቅፈው ሲወጡ ያየሁ ይመስለኛል፤ ምናልባትም ሰው ነግሮኝ ይሆናል።

ወይዘሮ አስካለ የራሳቸውን ቦታ ግን ሳይሠሩ ቆዩ። የጀመሩት ሕመሙ ከጠናባቸው በኋላ ነው። ቦታው ደሴ የነበረው የወላጆቻቸው ቤት ነው። በወጣትነቴ በዚያች ከተማ ሳስተምር ከግቢው አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስለ ነበር፣ ያን ቤት የማውቅ እኔ ነበርሁ። ወይዘሮ አስካለ ገና ትንሽ ልጅ ሳሉ አክስታቸው ወደ አሰብ በሚሄድ የጭነት መኪና ይዘዋቸው ወጡ። እናታቸው በዚያ ሰሞን ታመው ከክፍላቸው አይወጡም ነበር። ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ አልተያዩም።

ጣራው፣ ደረጃው፣ አጥሩ ተሠርቶ የእናታቸው ክፍል ግድግዳ ብቻ ሲቀር አስጠሩኝ።

«ጋሼ፣ የእማዬ መስኮት ወደ መንገዱ ነበር ወይስ ወደ ጓሮው?»

የቤት አሠራር ጥያቄ መስሎኝ፣ «ይህን ያህል ለምን አስጨነቀሽ?» አልኋቸው።

«ወደ መንገዱ ከሆነ፣ ስሄድ አይታኛለች።»

ዐይኔን ስጨፍን መስኮቱ ወደ መንገዱ ተከፍቶ አየዋለሁ፤ ወዲያው በዚያው መስኮት የጓሮው ሮማን ይታየኛል። ሮማኑ የሚታየው ከእኔ ክፍል ይሁን ከእናታቸው፣ መለየት ተሳነኝ። እናታቸውን ልጠይቅ ወደዚያ ክፍል መግባቴን አስታውሳለሁ። ነገር ግን በወግ ያደገ ወጣት በታመመች የቤት እመቤት መኝታ ክፍል ዐይኑን ማንከራተት ነውር ነበርና፣ አንገቴን ደፍቼ ያየሁት ምንጣፉን ብቻ ነው።

ወደ ኮሪደሩ ስወጣ ሄለን ተከተለችኝ።

«ጋሼ፣ ፕሊስ፣ በመንገዱ በኩል ነው በሏት። ማን ቼክ ያደርጋል?»

«እናትሽ እኮ ታምነኛለች።»

«ስለምታምንዎት ነዋ የምለምንዎት!»

ተመልሼ ገባሁ። «ወደ መንገዱ ነው» ልል ተዘጋጅቼ እንደ ነበር አልክድም። ወይዘሮ አስካለ ግን ፊቴን ገና ሲያዩ፣ «ሄለን ለምናዎት ከሆነ ይተዉት» አሉኝ። «ትዝታ ቢያጋንን ወረቀቱ ይሸከመዋል። ፈጥረን ካስገባንበት ግን፣ በገለጥሁት ቁጥር የማየው እርስዎን እንጂ እማዬን አይሆንም።»

ደሴ ባሉ ሰዎች አስጠየቅሁ። ቤቱ ፈርሶ በቦታው ፎቅ ተሠርቷል፤ የቀድሞ ጎረቤት የሚባልም የለም አሉኝ። ልጠይቃቸው በሄድሁ ቁጥር ወይዘሮ አስካለ «ትዝ አልዎት?» ይሉኝ ነበር። በመጨረሻ መጠየቁን ተዉት፤ ያን ጊዜ ጭንቀቴ ባሰ።

ከቀብር መልስ ሄለን መጽሐፉን በአዳራሹ ጠረጴዛ ላይ ገለጠችው። ቤቱ ቆመ፤ ያ ግድግዳ ግን ነጭ እንደ ሆነ ነው። አቶ በርሄ «ወደ መንገዱ ይቆረጥላቸው፤ ነፍሳቸው ደስ ይላታል» አሉ። ወይዘሮ ለተብርሃን «በሁለቱም በኩል ቢሆንስ ማንን ይጎዳል?» አሉ። መቁረጫው እዚያው አጠገባችን ነበር፤ ያነሣው የለም። ሄለን ወደ እኔ ዞረች። እኔም መጽሐፉን ከድኜ በእጇ አስያዝኋት።

አስካለ ልጄ፣ እንግዲህ ደኅና ሁኚ። ግድግዳሽን ማንም አልነካብሽም፤ እንዳይነካም ለሄለን አደራ ብያታለሁ። ይህ ለአንቺ ያደረግሁት ብቸኛው ነገር ነው፤ እርሱም ምንም አለማድረግ ነው። እንደ እምነታችን ከሆነ ዛሬ ከእናትሽ ጋር ነሽና ጠይቀሻቸዋል። አይተውሽ እንደ ሆነ አንቺ አሁን ታውቂያለሽ። እዚህ የቀረነው፣ ልጅሽም እኔም፣ አናውቅም።