ሌሊት ሰባት ሰዓት የሚገቡት ሰው

ወልቂጤ በነበረው መሥሪያ ቤታችን የሁላችንን ስምና የይለፍ ቃል የያዘ አንድ አሮጌ ሰርቨር ነበር። የተከሉት የኮምፒውተር ባለሙያችን ናቸው፤ በሠላሳ ዓመቴ ከማታ ትምህርት የወጣሁትን እኔን ሥራውን ያስተማሩኝም እሳቸው። በሞቱ በዓመታቸው አዲስ ሰርቨር ተገዛ፤ አሮጌውን የሚያሰናብት ወጣትም ከአዲስ አበባ ተላከ።

ወጣቱ የአሮጌውን ሰርቨር የመግቢያ መዝገብ ከፍቶ ትንሽ አየና ቀና አለ።

«ይሄ ሰውዬ ማነው? በየቀኑ አንድ ሰዓት ላይ ይገባል። በፈረንጅ አንድ ሰዓት እኮ ሌሊት ሰባት ነው።»

የሟቹ ስም ነበር።

ኃላፊያችን በር ላይ ቆመው ሰሙ። «የዚህ ክፍል ቁልፍ አንቺ ጋ አይደል?» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ በሌሊት እዚህ ምን አመጣኝ?»

«እኔ ምን አውቄ! ወይ አንቺ ነሽ፣ ወይ ሰውየው ከመቃብር ይመላለሳሉ። ነገ ለኮሚቴ ትቀርቢያለሽ።»

በሙት ስም እየገባች ፋይል የምትበረብር ሌባ ሆንኩ ማለት ነው።

ወጣቱ ሥራውን ቀጠለ። አዲሱ ሰርቨር ግን ከአሮጌው ጋር ሰዓታችን አይገጥምም ብሎ አሻፈረኝ አለ። ወጣቱ ገመድ ነቀለ፣ ሰካ፣ አጉረመረመ። እኔ የአሮጌውን ስክሪን ጥግ አየሁ፤ ሦስት ሰዓት ከሃያ። የእጅ ሰዓቴም ሦስት ሰዓት ከሃያ። ስንት ጊዜ አይቼው አልገረመኝም፤ ልክ ነበራ!

«ስማ፣ ሰውየው ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የሞሉት» አልኩት። «ያ አንድ ሰዓት የጠዋቱ ነው።»

«ሰርቨር? በሀበሻ ሰዓት?» ሳቁ አመለጠው።

ከዚያ ፈልጌ አገኘሁት። በየጠዋቱ በራሱ እየገባ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ወደ ሌላ ዲስክ የሚገለብጥ ትእዛዝ ነው፤ በራሳቸው ስም አስረው ትተውታል። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ በሕይወት ሳሉ ማንም ሳይቀድማቸው ቢሮ የሚደርሱበት ሰዓት ነው። ዓመት ሙሉ ሲሠሩልን አላወቅንም።

ሰዓቱን አስተካክለን ስሞቹን ወደ አዲሱ አሻገርን። የገልባጩን ሥራ በእኔ ስም አሰርኩት። የእሳቸው ስም ብቻ ቀረ።

«የሞተ ሰው አይሻገርም፤ አጥፊው» አለኝ ወጣቱ።

ማሽኑ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የቀብሩ ዕለት ያልመጣልኝ እንባ ያን ጊዜ መጣ። ዓይኔን ጠርጌ «አዎ» የሚለውን ተጫንኩት።

ወጣቱ በሌሊት የገባ ሰው እንደሌለ ቢነግራቸውም ኃላፊው ይቅርታ አላሉኝም። «ታዲያ ማን ነበር ሲገባ የከረመው?» ብቻ አሉ።

«እሳቸው ናቸው» አልኳቸው።

ሳቁ። እኔ ግን አልቀለድኩም።